የበገና ሠሪ ሙያና ያልተጻፈው ዕውቀቱ

በከተማችን በአዲስ አበባ ታዋቂ የበገና ደርዳሪ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ስም የሚጠራ አይታጣም። በገናውን የሠራው ማን ነው ቢባል ግን አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ደርዳሪው በስሙ ይታወቃል፤ ሠሪው ግን ከሥራው ኋላ ተሰውሮ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነውም የዚህን የተሰወረ ባለሙያ ሥራ ነው። የበገና ሠሪ ሥራው ምንድን ነው? ዕውቀቱስ ከእንጨት ጠራቢው ዕውቀት በምን ይለያል? በሌላው ዓለም የጥንት አውታር መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ከደረሰባቸው ነገር እኛ የምንማረው ምንድን ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ለአስተያየታችን መነሻ ያደረግነው የከተማይቱን ደቡባዊ ክፍል፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ነው። ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ሳሪስ፣ ለቡና ጀሞ የሚገኙት በዚሁ ነው። ስሙ ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ የሚሄደውን መልእክት የሚያስታውስ ስለሆነ፣ ስለ ድምፅ ለሚጽፍ ሰው የማይመች ሰፈር አይደለም። ይህን ሰፈር የመረጥንበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። አሮጌ መንደርና አዲስ ፎቅ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ፋብሪካ ጎን ለጎን የቆሙበት በመሆኑ፣ የጥንት ሙያ በአዲስ ከተማ ውስጥ የሚገጥመውን ችግር አጉልቶ ያሳያል።

ሀ. መሣሪያውና ክፍሎቹ

በገና ፈረንጆች ላየር ብለው ከሚጠሩት የአውታር መሣሪያ ወገን ነው። ክራርም የዚሁ ወገን ሲሆን፣ በመጠን አነስተኛ፣ በአውታር ቍጥርም 5 ወይም 6 ብቻ ያለው ነው። ማሲንቆ ግን ባንድ አውታር የሚሠራና በደጋን የሚመታ ስለሆነ፣ ከቫዮሊን ጋር የሚቀራረበው እርሱ ነው፤ አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው።

የበገና ቁመት አንድ ሜትር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ነው። ከታች ቆዳ የለበሰ፣ አራት ማዕዘን ያለው የእንጨት ገበቴ አለ። ከገበቴው ሁለት ቋሚዎች ይወጣሉ፤ በላያቸውም ቀንበሩ ይጋደማል። 10ሩ አውታሮች ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው፣ በቆዳው ላይ በተቀመጠው በርኩማ ላይ አልፈው ከቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። እያንዳንዱ አውታር በቀንበሩ ላይ ባለው አጭር የእንጨት መወጠሪያ እየተዞረ ይቃኛል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት 10ሩን አውታሮች በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል፤ መሣሪያውንም ከንጉሥ ዳዊት ጋር ያያይዙታል።

አሥር አውታር አለ ማለት ግን አሥሩም ሁልጊዜ ይጮኻሉ ማለት አይደለም። በጣት የሚደረድር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመታው 5 ወይም 6 አውታሮችን ብቻ ነው፤ የቀሩት አውታሮች ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። በመግረፊያ የሚመታ ሰው ግን አሥሩንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። ስለዚህ ሠሪው በአውታሮቹ መካከል የሚተወው ርቀት ለውበት የሚደረግ አይደለም፤ የደርዳሪው ጣት መንገድ ነው። ርቀቱ ቢጠብ ጣት ይጋጫል፤ ቢሰፋም እጅ ይደክማል።

ለ. ሠሪው የሚያውቀው ነገር

የበገና ሥራ ሲታይ የአናጢ ሥራ ይመስላል። ጥሩ አናጢ ገበቴውን አሳምሮ ሊጠርብ፣ ቋሚዎቹንም ሊያስጌጥ ይችላል። ነገር ግን እንደዚህ የተሠራ በገና ለግድግዳ ጌጥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለመዝሙር ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን በአራት ነገር እናሳያለን።

1ኛ፤ እንጨቱ። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ ሲደርቅም በቀላሉ አይሰነጠቅም። እርጥብ እንጨት ግን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቆዳ ከለበሰ በኋላ ይጣመማል። ሠሪው የገበቴውን ግድግዳ ውፍረት የሚወስነው በእጁ ሚዛንና በጆሮው ነው። በጣም ሲወፍር መሣሪያው ይከብዳል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ በጣም ሲሳሳ ደግሞ አውታሮቹ ሲወጠሩ የሚያርፍበትን ጫና አይችልም።

2ኛ፤ ቆዳው። ጠጕሩ የተፋቀው ቆዳ ርጥብ ሳለ በገበቴው ላይ ይለበስና ይወጠራል፤ ሲደርቅም ተኰማትሮ ይጠብቃል። ቆዳ ሕይወቱ ቢያልፍም ጠባዩ አይለቅም፤ በክረምት ርጥበት ስቦ ይላላል፣ በበጋ ደርቆ ይከራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የአዲስ አበባ ዝናብ ወራት የለበሰ ቆዳና በጥር ፀሐይ የለበሰ ቆዳ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ልምድ ያለው ሠሪ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ የቆዳውን አወጣጠር እንደ ወራቱ ይለዋውጠዋል።

3ኛ፤ አውታሩ። የጥንቱ የበገና አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው። አንጀቱ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይከረራል፣ ተወጥሮም ይደርቃል። በገና ድምፁ ወፍራምና ዝቅተኛ ስለሆነ ወፍራም አውታር ይፈልጋል። አንድ አውታር ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይለወጥ ድምፁ በአንድ ስምንተኛ ዝቅ እንዲል ቢፈለግ፣ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የፊዚክስ መጽሐፍ ያላየው ሠሪ አንጀቱን በጣቶቹ መካከል እያንከባለለ ይኸንኑ ሕግ ይፈጽመዋል።

4ኛ፤ እንዚራው። የበገናን ድምፅ ከሌላው መሣሪያ ሁሉ የሚለየው ይህ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ይገባል። ይህች ቍራጭ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትገፋ፣ አውታሩ ሲርገበገብ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ እንዲነካ ታደርገዋለች። ከዚያም ያ የሚታወቀው የንብ መንጋ የመሰለ እምምታ ይወጣል። እንዚራው ከቦታው ትንሽ ሲርቅ አውታሩ በርኩማውን ሳይነካ ስለሚቀር ድምፁ ባዶ ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ሲጠጋም ድምፁ ይታነቃል። ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው በመስፈሪያ ሳይሆን በማዳመጥ ነው። የበርኩማው የላይኛው ፊት በትክክል ካልተስተካከለ ደግሞ ደርዳሪው እንዚራውን ቀኑን ሙሉ ቢያንቀሳቅስ ድምፁን አያገኘውም። ስለዚህ የሠሪው ጥበብ የሚፈተነው በበርኩማው ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ እምምታ የመሣሪያው ጉድለት መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ የጠራ ድምፅ ይሻላል ይላሉ። ነገር ግን ይህን ድምፅ ፈልጎ የሠራ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በህንድ አገር ታንፑራ የተባለው መሣሪያ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ቀጭን ክር ስለሚገባበት እንዲሁ ያምማል። በአውሮፓም ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሃርፕ የሚባለው መሣሪያ አውታሩን የሚነኩ ቆልማማ የእንጨት ችካሎች ነበሩት። በኋላ የሰው ምርጫ ሲለወጥ ችካሎቹ ቀሩ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት የጥንት ሃርፕ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን ከሥዕልና ከአሮጌ ጽሑፍ ፈልገው መልሰው አመጧቸው።

ሐ. የተበጠሰ ሙያና ያልተበጠሰ ሙያ

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ወደ ዋናው ነገራችን ያደርሰናል። በአውሮፓ የጥንት አውታር መሣሪያ ሠሪ የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሙያውን ከአባት ከአያት የተረከበ ሳይሆን፣ ከሞተ በኋላ ያስነሣ ነው።

አርኖልድ ዶልሜች የተባለውን ሰው እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1858 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ ተወልዶ፣ በብራስልስና በለንደን ቫዮሊን ተማረ። በቤተ መጻሕፍት የተረሱ የጥንት ድርሰቶችን ባገኘ ጊዜ፣ ድርሰቶቹ የተጻፉላቸው መሣሪያዎች የሚጫወትባቸውም የሚሠራቸውም ሰው እንደ ሌላቸው ተረዳ። ስለዚህ ራሱ መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የመጀመሪያውን ሉት ሠራ። በኋላም በእንግሊዝ አገር በሄዝልሚር ተቀምጦ የሥራ ቤት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በዚያ የጥንት ሙዚቃ በዓል አስጀመረ፤ በ1940 ዐረፈ። የዚህ ሰው ሕይወት የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ያሳለፈው ከዝምተኛ መሣሪያ ጋር ሲነጋገር ነው። የሚጠይቀው መምህር አልነበረውም።

ዝምተኛ መሣሪያ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር ሳተን ሁ በተባለ ቦታ የአንድ ጥንታዊ ባላባት መቃብር ሲቈፈር፣ የተሰባበረ የአውታር መሣሪያ ተገኘ። ሊቃውንቱ ስብርባሪውን ገጣጥመው መጀመሪያ ሃርፕ አድርገው ሠሩት። ሦስት ዐሥርት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ገና ተመርምሮ፣ መሣሪያው ሃርፕ ሳይሆን ባለ 6 አውታር ላየር እንደ ነበረ ታወቀ። ይኸውም ቋሚና ቀንበር ያለው፣ ከክራር ጋር የሚዛመድ መሣሪያ ነው። በዚያ አገር የላየር ሙያ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ስላለፈው፣ ስብርባሪውን አይቶ ይህ ይህ ነው የሚል ሠሪ አልነበረም። በእኛ አገር ግን ይህን የሚለይ ሰው ለማግኘት መቃብር መቈፈር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ማሻሻል የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1737 የሞተው የክሬሞናው አንቶንዮ ስትራዲቫሪ የሠራቸው ቫዮሊኖች በዓለም የታወቁ ናቸው። ሆኖም በ1800 አካባቢ አዳራሾች እየሰፉ፣ ሙዚቃም እየበረታ ሲሄድ፣ ከሞላ ጐደል የሁሉም አንገት በረዘመና ወደ ኋላ ባዘነበለ አንገት ተለወጠ፤ በውስጥ ያለውም ደጋፊ እንጨት ተወፈረ። ያደረጉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ድምፁን ሊያጐሉት ነው። ነገር ግን ስትራዲቫሪ የሰማው ድምፅ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የፈለጉ የ20ኛው መቶ ዓመት ሠሪዎች ለውጡን ወደ ኋላ መመለስ፣ የአንጀት አውታርም እንደ ገና መጠቀም ግድ ሆነባቸው። የቀድሞውን ልክ ሳይመዘግቡ ማሻሻል ለልጅ ልጅ የማይቃለል ሥራ ትቶ መሄድ ነው።

መ. በከተማችን ያለው ሁኔታ

በእኛ ዘንድ ሙያው አልተበጠሰም፤ ቀጥኖ ግን ነበር። በገና በመኳንንትና በነገሥታት ቤት የተከበረ መሣሪያ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በእንጦጦ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና መምህር ሆነዋል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን መንፈሳዊ መዝሙር ከሬዲዮ ሲርቅ የበገናም ድምፅ ከአደባባይ ራቀ። ደርዳሪ ሲያንስ ገዢ ያንሳል፤ ገዢ ሲያንስ ሠሪው መጥረቢያውን ለበርና ለመስኮት ያውለዋል። ሙያ የሚጠፋው በዐዋጅ ብቻ አይደለም፤ በገበያ እጦትም ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የበገና ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በልዩ ልዩ ማሠልጠኛዎች እየተስፋፋ መጥቷል፤ ወጣት ሴቶችና ወንዶችም በብዛት ይማራሉ። ገዢ ተመልሷል ማለት ነው። ዛሬ ያለው ጥያቄ በገና ይሠራል ወይስ አይሠራም ሳይሆን፣ የሚሠራው በገና የትኛው ነው የሚለው ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ቢኖር ምን ምን እንደሚገጥመው እናስብ። ቆዳና አንጀት ሩቅ አይደሉም፤ የከተማይቱ ቄራ ከጎፋ ሰፈር አጠገብ ነው። ነገር ግን አንጀት አጥቦ፣ ፍቆና ወጥሮ ማድረቅ ቦታም ጊዜም ይፈልጋል፤ ሽታም አለው። በጀሞ ጋራ መኖሪያ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሥራ በበረንዳው ላይ ቢጀምር ጐረቤት ዝም አይለውም። ቆዳ መዘፍዘፊያ፣ እንጨት ማድረቂያ፣ መጥረቢያ የሚያሰማበት ግቢ ያስፈልገዋል፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ግቢ እየጠበበ ሄዷል። የናይሎን ክር ግን ከሱቅ ተገዝቶ በዚያው ቀን ይታሰራል።

ስለዚህ ናይሎን የበግ አንጀትን ቦታ መውሰዱ የሚያስገርም አይደለም፤ ጥቅምም አለው። ርጥበት እንደ አንጀት አያውከውም፤ ቶሎም አይበጠስም። ነገር ግን አንጀትን አውጥቶ በልኩ ናይሎን ማግባት ድምፁን እንዳለ አያቆየውም። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የአንጀት አውታር ክብደት 1.3 ግራም ያህል ሲሆን የናይሎን 1.14 ግራም ያህል ነው። ውፍረቱ፣ ርዝመቱና ውጥረቱ እኩል ቢሆን፣ የናይሎኑ ድምፅ ከአንጀቱ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። ያንኑ ድምፅ ለማግኘት ወይ ውጥረቱን ማላላት፣ ወይ ውፍረቱን በመቶ 7 ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ 1 ሚሊሜትር የነበረው አንጀት 1.07 ሚሊሜትር ናይሎን ይሆናል ማለት ነው። የላላ አውታር ደግሞ በእንዚራው ላይ የሚያርፈው በሌላ ኀይል ነው። ይህን የሚያውቅ ሠሪ በርኩማውን እንደ አዲሱ አውታር አድርጎ ያስተካክለዋል፤ የማያውቅ ግን ድምፁ ለምን እንደ ጠፋ ሳይረዳው ይቀራል።

በአንዳንድ አዲስ ክራሮችና በገናዎች ላይ ከእንጨት መወጠሪያ ፋንታ የጊታር ቍልፍ ይገባል፤ ለመቃኘት ይመቻል፣ በቀንበሩ ላይ የብረት ክብደት ግን ይጨምራል። ለመድረክ ሲባል ድምፅ ማጉያ የሚገጠምላቸውም አሉ። ለጎብኚ ማስታወሻ የሚሸጠው በገና ደግሞ የሚፈለገው ለዓይን ስለሆነ፣ ሠሪው በርኩማውን ለማስተካከል የሚያጠፋውን ሰዓት የሚከፍለው የለም። በአንድ ሳምንት ለዓይን የሚሆኑ ብዙ በገናዎች ሊሠሩ በሚችሉበት ጊዜ አንድ ለጆሮ የሚሆን በገና ማውጣት ለሠሪው ኪሳራ ነው። እኛ ይህን የምንለው ለውጥን ለመንቀፍ አይደለም። ለውጡ ዐውቆ የተደረገ ይሁን፣ የቀድሞውም ልክ ይታወቅ ለማለት ነው።

ሠ. የሠሪው ስም ለምን ጠፋ

ስትራዲቫሪ በቫዮሊኑ ውስጥ ስሙንና ዓመቱን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ ዛሬ ስለ እርሱ ይህን ያህል የሚታወቀው ከዚህም የተነሣ ነው። በአሮጌ በገና ላይ ግን የሠሪውን ስም ማግኘት ብርቅ ነው። አንዱ ምክንያት ትሕትና ነው፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና በሚቀርብበት ዕቃ ላይ ስምን መጻፍ ለብዙ ሰው አይዋጥም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሚያኰራ አይደለም። በአገራችን ብረት የቀጠቀጠ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሠራ ሰው ሁሉ በሙያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ቆዳ የሚነካ እጅ በሚናቅበት አገር፣ ቆዳና አንጀት የሚያቀናብረው የበገና ሠሪ ስሙን ቢሰውር አይፈረድበትም። ስሙ ሲሰወር ግን ዕውቀቱም አብሮ ይሰወራል፤ ተማሪው ማንን ብሎ ይፈልገው?

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ የክሬሞናን የቫዮሊን አሠራር ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። የተመዘገበው ቫዮሊኑ ሳይሆን አሠራሩ መሆኑን ልብ ይሏል። በክሬሞና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሠሪዎች ትምህርት ቤት አለ። በእኛ አገር መደርደር የሚያስተምር አለ፤ ማሲንቆና ክራር ከቫዮሊን ጎን ለጎን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። መሥራት ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነው።

ረ. ለተማሪዎች የቀረበ ሐሳብ

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሜትር፣ የውፍረት መለኪያ፣ የድምፅ መቅጃና ትዕግሥት ይበቃሉ። ወደ አንድ ሠሪ ግቢ የሚሄድ ተማሪ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢመዘግብ ትልቅ ነገር ሠራ እንላለን። የእንጨቱን ዓይነትና ስንት ጊዜ እንደ ደረቀ፤ የገበቴውን የውስጥና የውጭ ልክ፤ የቆዳውን ዓይነትና የለበሰበትን ወር፤ የእያንዳንዱን አውታር ርዝመትና ውፍረት፤ የበርኩማውን የላይ ፊት ቅርጽ፤ እንዚራው ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ያለውን ድምፅ። ከሁሉ በላይ ግን ሠሪው «አሁን ደረሰ» ብሎ እጁን የሚያነሣበትን ጊዜና ምክንያቱን ይጠይቅ። ያ መልስ በሙዚየም ውስጥ ካለ በገና አይገኝም። ከፈቀደም የሠሪው ስም ከልኩ አጠገብ ይጻፍ።

የአውሮፓ ባለሙያዎች ከመቃብር፣ ከሥዕልና ከዝምተኛ መሣሪያ ዕድሜ ልካቸውን የለመኑትን መልስ፣ እኛ በአውቶቡስ ተሳፍረን ሄደን ልንጠይቅ እንችላለን። ይህ ዕድል ግን የሠሪዎቹን ዕድሜ ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። የፊዚክስ ተማሪ ስለ እንዚራው፣ የታሪክ ተማሪ ስለ ሠሪዎቹ ሐረግ፣ የኢኮኖሚ ተማሪ ስለ ገበያው ቢጽፍ፣ መምህራንም ይህን እንደ መመረቂያ ጥናት ርእስ ቢቀበሉት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በገናውን ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ይገኛል ብለን እናምናለን።